ለደብል ጋቢና ፒካፕ የጭነት ክዳንና ፖርቶ መጋላ፦ ለድሬዳዋ ሙቀትና አቧራ የትኛው ይሻላል?

ፀሐይና ፓምፕ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። በድሬዳዋና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች፣ አንዳንዴም እስከ ሽንሌና ኤረር እየሄድኩ የፀሐይ ኃይል መሣሪያዎችንና የውኃ ፓምፖችን እተክላለሁ፣ እጠግናለሁም። የምሠራበት መኪና ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ የኋላ ካሶኒው በርዝመትም በወርድም 1.5 ሜትር ገደማ ነው። እስካሁን ዕቃዬን የምሸፍነው በሸራ ሲሆን፣ ሸራው ከካሶኒው ውጭ ባሉት መንጠቆዎች ላይ በገመድ ይወጠራል። ሸራ ፀሐይን ይከላከላል፣ ዝናብንም በመጠኑ ይመልሳል፤ ሌባን ግን አይመልስም። ከሽንሌ ስመለስ ደግሞ ከሸራው ሥር ያለው ዕቃ ሁሉ አቧራ ለብሶ ይገኛል።

የምጭነው ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በመጠኑ አነስተኛ ሆኖ ዋጋው የከበደው ነው፤ ኢንቨርተር፣ የፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ የመዳብ ኬብል፣ መለኪያና መፍቻ፤ ይህ ተቆልፎበት መቀመጥ አለበት። ሁለተኛው ረጅሙ ነው፤ የ6 ሜትር የውኃ ቧንቧ፣ መሰላል፣ እንዲሁም ርዝመቱ 2.28 ሜትር፣ ወርዱ 1.13 ሜትር፣ ክብደቱ 28 ኪሎ ገደማ የሆነው የ550 ዋት ፓነል። ይህኛው በካሶኒው ውስጥ ተኝቶ ስለማይገባ ከላይ ፖርቶ መጋላ የግድ ይላል።

የቀረቡልኝ አማራጮች አራት ናቸው። የሚጠቀለል ወፍራም የፕላስቲክ ሸራ፣ እንደ ሱቅ መዝጊያ እየተጠቀለለ የሚገባ የአሉሚኒየም ክዳን፣ ከጋቢናው እኩል ከፍ ብሎ የሚቀመጥ የፋይበር ካኖፒ፣ እና እዚሁ በላሜራ የሚበየድ ክዳን። እያንዳንዱ ባለሙያ እሱ የሚሠራውን ወይም የሚሸጠውን ስለሚመክረኝ፣ ምንም የማትሸጡልኝ እናንተ ብትመክሩኝ ይሻላል ብዬ ነው። በተለይ ክዳኑና ፖርቶ መጋላው ሳይጋጩ አብረው የሚሠሩበትን መንገድ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የከዚራ መካኒክ

ወንድሜ፣ ጥያቄውን ከጀርባው ብንጀምረው መልሱ ይቀላል። ብዙ ሰው መጀመሪያ ክዳን ይገዛል፣ ቀጥሎ ፖርቶ መጋላ ሊያስገጥም ሲመጣ እግሩ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ምክንያቱም የሚጠቀለለውም ሆነ የሚታጠፈው ክዳን የሚያያዘው በካሶኒው የላይኛው ጠርዝ ላይ ነው፤ የፖርቶ መጋላ እግርም የሚፈልገው ያንኑ ጠርዝ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከላይ ምን እንደሚጫን፣ ምን ያህል እንደሚመዝንና እግሮቹ የት እንደሚያርፉ ይወሰን፤ ክዳኑ በተረፈው ቦታ ይሠራ።

ሁለተኛው ጉዳይ ክብደት ነው። የመኪናዎ የጭነት አቅም በሊብሬው ላይ ሰፍሯል። ከዚያ ቁጥር ላይ የሚቀነሰው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ተሳፋሪውም፣ ክዳኑም፣ ፖርቶ መጋላውም ይቀነሳል። ለምሳሌ ያህል አቅሙ 900 ኪሎ ነው እንበል። አራት ሰው ከተቀመጠ 280 ኪሎ ያህል ሄደ። ክዳኑና ፖርቶ መጋላው ተደምረው 100 ኪሎ ቢመዝኑ 520 ይቀራል። ከዚያ ላይ አሥር ፓነል 280 ኪሎ ይወስዳል፤ የቀረው 240 ለኢንቨርተር፣ ለኬብል፣ ለቧንቧና ለመሣሪያ ነው። ባትሪ ከተጨመረ ሒሳቡ ወዲያው ይሞላል። ባሌስትራ ቢያስጨምሩ መኪናው ከኋላ አይተኛም፤ ሆኖም ፍሬኑ፣ አክሰሉና ሻንሲው የነበሩት ናቸውና የተፈቀደው ጭነት በዚህ አይጨምርም።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። እርስዎ በሜዳ ብቻ አይነዱም። ድሬዳዋ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ የደንገጎን አቀበት ወጥተው ሐረማያ ሲደርሱ ወደ 2000 ሜትር ይጠጋሉ፤ ያ ሁሉ ከፍታ የሚገኘው ደግሞ በመጠምዘዣ ነው። ከጋቢና በላይ የተጫነ 200 ኪሎ በካሶኒው ወለል ላይ ከተጫነ 200 ኪሎ ጋር አንድ አይደለም፤ በየመጠምዘዣው መኪናውን ወደ ውጭ ይገፋል። ከባዱ ሁሉ ከታች፣ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ፣ ከላይ ደግሞ ረጅሙና ቀላሉ ብቻ ይሁን።

ሸዋ በር (ሐረር)

እኔ በፋይበር ካኖፒ ነው የምሠራው፤ ከሐረር ወደ ባቢሌና ወደ ጅጅጋ ዕቃ አመላልሳለሁ። የካኖፒ ጥቅሙ ብዙ ነው። ውስጡ ከፍ ያለ ስለሆነ ካርቶን ይደረደርበታል፤ የጎን መስኮት ያለው ከሆነም በሦስት አቅጣጫ ዕቃ ማውጣት ይቻላል፤ ዝናብ ሲመጣም ሸራ ፍለጋ አልሯሯጥም።

ስለ አቧራ ግን የሚነግሩዎትን ሁሉ አይመኑ። መኪና ሲሮጥ ከኋላው የአየር ግፊት ዝቅ ስለሚል አቧራው ተስቦ ወደ ኋላ በር ይመጣል፤ ካኖፒው ምንም ያህል በደንብ ቢዘጋ ከካሶኒው የኋላ ስፖንዳ ሥርና ከሁለቱ ማዕዘኖች ይገባል። ለእኔ ለውጥ ያመጣው ሁለት ነገር ነው። አንዱ በስፖንዳው ዙሪያ፣ በተለይ በታችኛው ክፍተት ላይ፣ የመኪና በር ጎማ ማስለጠፍ ነው። ሁለተኛው በካኖፒው ፊት ለፊት ከጋቢናው ጣሪያ በላይ ትንሽ አየር ማስገቢያ ማበጀት ነው፤ ከፊት የሚገባው አየር ውስጡን ስለሚሞላው ከኋላ የሚሳበው አቧራ ይቀንሳል። ሲዘንብ የሚዘጋ ክዳን ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ መንገድ ኬላ አለ፤ ፈታሽ ሲመጣ የተዘጋ ዕቃ ሁሉ ይከፈታል። በሁለት ጓጉንቸርና በስድስት ብሎን የተዘጋ ክዳን የሠራ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲፈታ ይውላል። በአንድ ቁልፍ የሚከፈት፣ ዕቃው ሳይወርድ የሚታይበት ቢሆን ለእርስዎም ለፈታሹም ይቀላል።

በያጅ ከሳቢያን

መካኒኩ የተናገረው ትክክል ነው፤ እኔ ስለ አሠራሩ ልናገር።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በፒካፕ ላይ ጋቢናውና ካሶኒው በአንድ ሻንሲ ላይ ለየብቻ የተቀመጡ ናቸው። መኪናው ወጣ ገባ መንገድ ላይ ሲሄድ ሻንሲው ይጠማዘዛል፤ ጋቢናውና ካሶኒውም በየራሳቸው ይወዛወዛሉ። ስለዚህ አንድ ጫፉ በጋቢናው ጣሪያ ላይ፣ ሌላው ጫፉ በካሶኒው ላይ የተበየደ ወይም በብሎን የታሰረ ፖርቶ መጋላ ዕድሜ የለውም፤ ወይ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ወይ የጋቢናውን ጣሪያ ይቀድዳል። ሙሉ በሙሉ በካሶኒው ላይ ይቁም። ወደ ፊት መርዘም ካስፈለገው ከጋቢናው በላይ ሳይነካ እንደ ክንድ ይውጣ፤ በመካከላቸውም ቢያንስ የአምስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ በዚያ ክንድ ላይ ደግሞ የቧንቧ ጫፍ ይደገፍበት እንጂ ከባድ ዕቃ አይጫንበት።

ስለ ብረቱ፦ 40 በ40 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) በሜትር ወደ 2.3 ኪሎ ይመዝናል። አራት እግር፣ ሁለት የጎን ዘንግና አራት አግዳሚ ያለው ፖርቶ መጋላ 14 ሜትር ያህል ቱቦላሬ ስለሚወስድ 32 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ብዙ ደንበኛ ወፍራም ብረት ጠንካራ ነው ብሎ 3 ሚሊ ሜትር ያዛል፤ እኔ አልመክርም፤ የሚጨመረው ክብደት ከላይ ነው፣ የሚሰበረው ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መገጣጠሚያው እንጂ ቱቦላሬው አይደለም። ብረት ከማወፈር ይልቅ እግሩና የጎን ዘንጉ በሚገናኙበት ቦታ ሦስት ማዕዘን ላሜራ ማስበየድ ይበልጣል።

እግሩ የሚያርፍበት የካሶኒው ጠርዝ የታጠፈ ስስ ላሜራ ነው። ባዶውን ቱቦላሬ ጠርዙ ላይ ካቆምነው ውሎ አድሮ ጠርዙ ይሰረጉዳል። ስለዚህ ከእግሩ በታች ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ ይደረጋል፤ ከዚህ ላሜራና ከጠርዙ መካከል ጎማ ይገባል፤ ከታች በኩል ደግሞ ሌላ ላሜራ ተደርጎ ሁለቱ በብሎን ይጨመቃሉ። በትራፓኖ መብሳት የግድ ከሆነ፣ የተበሳው ቀዳዳ በዚያው ቀን አንቲረስት ተቀብቶ፣ ሰፊ ሮንዴላ ተደርጎበት፣ በሲሊኮን ይታሸግ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ውኃ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው፤ ዝገቱ የሚታየው ደግሞ ከውስጥ በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

በመጨረሻም ብየዳ መኪናው ላይ አይሠራ። ልኩ ከመኪናው ይወሰዳል፣ ሥራው መሬት ላይ ይከናወናል፣ ከዚያ ይገጠማል። መኪናው ላይ መበየድ ካልቀረ የባትሪው ሁለቱም ገመዶች ይነቀሉ፤ አለበለዚያ የሞተሩ መቆጣጠሪያና ዲናሞው አደጋ ላይ ናቸው።

አሸዋ ሰፈር ነኝ

አቦ፣ ይህ ሁሉ ለምን? ጥሩ ሸራ፣ ጥሩ ገመድ፣ ከላይ ተራ ፖርቶ መጋላ፣ በቃ። ዋጋ ያለውን ዕቃ ከጋቢናው የኋላ ወንበር ላይ ያድርጉት። ለክዳን የሚወጣው ገንዘብ ሌላ ፓምፕ ይገዛል። ሸራ ሲቀደድ ይሰፋል፣ ሲያልቅ ይቀየራል፤ የአሉሚኒየሙ ክዳን ሲበላሽ ግን መለዋወጫው እዚህ አይገኝም፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ሰው ስለ ሌባ ያስባል እንጂ ስለ መለዋወጫ አያስብም።

ፀሐይና ፓምፕ (ድሬዳዋ)

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ስለ መለዋወጫው የተነገረው ነገር ከልቤ ገብቷል፤ ይሁን እንጂ የኋላ ወንበሩ ላይ ሠራተኞች ስለሚቀመጡበት ኢንቨርተርና የኬብል ጥቅል እዚያ ማስቀመጥ አልችልም፤ በድንገት ፍሬን ሲያዝም ያልታሰረ ኢንቨርተር ከኋላ መጥቶ ሰው ይጎዳል።

አሁን የቀሩኝ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ፓነሎቹ ከላይ ተኝተው ይሂዱ ወይስ ቆመው? ተጠቅልሎ የሚገባው የአሉሚኒየም ክዳን ለእኛ አቧራ ይስማማል? የላሜራ ክዳን ካሠራሁስ፣ ፖርቶ መጋላው ከላይ ጭነት ይዞ ሳለ ክዳኑ እንዴት ይከፈታል? የመጨረሻው ጥያቄ ለእኔ ዋነኛው ነው፤ ምክንያቱም ፓነሉ ከላይ ታስሮ ሳለ መንገድ ላይ መፍቻ ወይም ኬብል ማውጣት የሚያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሶላር ሐረማያ

ስለ ፓነሉ እኔ ልመልስ፤ ሥራችን አንድ ነው። ፓነል የሚጎዳው በመስታወቱ መሰበር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ የተሰበረ መስታወት ይታያል። አስቸጋሪው በውስጡ ያለው የሲሊኮን ሴል በንዝረትና በመታጠፍ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሲያወጣ ነው። ፓነሉ ይተከላል፣ ይሠራል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኃይሉ ይወርዳል፤ ደንበኛውም ጥፋቱን በተካዩ ላይ ያደርገዋል።

የካሶኒው ርዝመት 1.5 ሜትር ነው፤ ፓነሉ 2.28 ነው። ፖርቶ መጋላው ከካሶኒው ጋር እኩል ብቻ ከሆነ 78 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው የፓነሉ ክፍል ድጋፍ አልባ ሆኖ ይንጠለጠላል፤ በየጉድጓዱ ይወዛወዛል፤ ስንጥቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ በያጁ የነገረዎት ወደ ጋቢናው የሚወጣው ክንድ ለቧንቧ ብቻ ሳይሆን ለፓነሉም ያስፈልጋል። ፓነሉ ከጋቢናው በላይ ካለው የክንዱ የፊት አግዳሚ ጀምሮ እስከ ኋላኛው አግዳሚ ድረስ በሁለቱ ረጃጅም የአሉሚኒየም ፍሬሞቹ እንዲያርፍ ይደረግ፤ መካከሉ ላይ ምንም ነገር አይንካው፤ ገመድም በመስታወቱ ላይ ተጎትቶ አይታሰር።

ተኝቶ ወይስ ቆሞ ለሚለው፦ ከፋብሪካ ሲመጣ በብዛት በካርቶን ውስጥ በረጅሙ ጎኑ ቆሞ ይመጣል፤ ያ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የቆመ ፓነል በራሱ ክብደት አይታጠፍም። ነገር ግን በፖርቶ መጋላ ላይ ማቆም ማለት 1.13 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ ከጋቢናው በላይ ማቆም ማለት ስለሆነ፣ ወደ ደወሌ በሚወስደው የክፍያ መንገድ ላይ የጎን ነፋስ ሲመጣ መኪናውን ይወስደዋል። የእኔ ልማድ እንዲህ ነው፤ ጥቂት ከሆኑ በፖርቶ መጋላው ላይ አስተኝቼ፣ በየመካከላቸው ጎማ ወይም ካርቶን በፍሬሞቹ ላይ ብቻ አድርጌ፣ በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ እጠብቃለሁ፤ ብዙ ከሆኑ ግን ኢሱዙ እከራያለሁ። አሥር ፓነል ማለት 280 ኪሎ ከራስዎ በላይ ነው፤ መካኒኩ ስለ ደንገጎ መጠምዘዣ የተናገረውን አይርሱት። ተኝቶ ሲጫን ደግሞ ከፊት በኩል ነፋስ ሥሩ ገብቶ እንዳያነሳው የፊተኛው አግዳሚ ላይ ከፓነሉ ጠርዝ ከፍ ያለ ላሜራ ይደረግ።

ስለ ፕላስቲክ ቧንቧም አንድ ቃል ልጨምር። በድሬዳዋ ቀትር ፀሐይ የጋለ የፒቪሲ ቧንቧ ይለሰልሳል፤ በሁለት ድጋፍ ብቻ ከተጫነ ጎብጦ ይቀራል፤ የጎበጠ ቧንቧ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ አይወርድም። ድጋፎቹ ከአንድ ሜትር ብዙ አይራራቁ። ከተቻለም ትልቅ የብረት ቧንቧ ከፖርቶ መጋላው ጎን አስበይደው ፒቪሲውን እዚያ ውስጥ ያስገቡት፤ ሁለቱን ጫፍ በክዳን ከቆለፉት ለመለኪያ ዘንግም ይሆናል።

የከዚራ መካኒክ

ስለ አሉሚኒየሙ ጥቅል ክዳን ልመልስ። በአስፋልት ለሚኖር ሰው እጅግ ጥሩ ነገር ነው፤ በአንድ እጅ ይከፈታል፣ ይቆለፋል፣ ውኃውንም በማዕዘኖቹ ባሉ ቱቦዎች ወደ መሬት ያፈሳል። ለእርስዎ ግን ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ተጠቅልሎ የሚገባበት ሣጥን ከጋቢናው አጠገብ ከ25 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ቦታ ይይዛል፤ ከ1.5 ሜትር ላይ ይህን ያህል መስጠት ብዙ ነው፤ ከዚያም በላይ ከባድ ዕቃ ሊቀመጥበት የሚገባው ትክክለኛው ቦታ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ክዳኑ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ ይገባል፤ ቅባት ከተቀባ ደግሞ አሸዋው ከቅባቱ ጋር ተለውሶ ይጋግራል። የውኃ ማፍሰሻ ቱቦዎቹም በዚያው ጭቃ ይደፈናሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ውኃው ወደ ውጭ በመፍሰስ ፈንታ ወደ ውስጥ ይገባል።

የሚጠቀለለው የፕላስቲክ ሸራም ከተራው ሸራ የሚሻለው በመልኩ ነው። ጥቁር ስለሆነ ሙቀት ይስባል፣ በፀሐይ ብዛት ይደርቃል፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ማያያዣዎች መያዝ ያቆማሉ፤ ቢላዋ የያዘ ሌባንም አያስቆምም።

ከተዘጋ ክዳን ሥር ምን እንደሚቀመጥም ያስቡ። የቧንቧ ማጣበቂያ ትነቱ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ የሊቲየም ባትሪም የማከማቻ ሙቀት ገደብ አለው። ክዳኑን ነጭ ቀለም ያስቀቡት፤ ሁለት ትናንሽ አየር ማስወጫዎችም ይኑሩት።

ሸዋ በር (ሐረር)

በያጁ ስለ ጋቢናና ካሶኒ የተናገረውን አነበብኩ። የእኔ ፖርቶ መጋላ በካኖፒው ጣሪያ ላይ ነው ያለው፤ እስካሁን ችግር አልገጠመኝም፤ ስለዚህ ካኖፒውን ከምርጫ ማውጣት አያስፈልግም ባይ ነኝ። መሰላልና ቀላል ዕቃ በደንብ ይሸከማል።

በያጅ ከሳቢያን

ጌታዬ፣ ካኖፒው የተቀመጠው በካሶኒው ላይ ብቻ ስለሆነ የእርስዎ አሠራር ካልኩት ጋር አይጋጭም። ጥያቄው ክብደቱ ላይ ነው። የፋይበር ካኖፒ አምራች ለጣሪያው የክብደት ገደብ ይሰጣል፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ የሚፈቀደው ደግሞ ቆሞ ሳለ ከሚፈቀደው ያነሰ ነው። ለመሰላል ይበቃል፤ ለስድስት ፓነል ግን 168 ኪሎ ነውና አይበቃም፤ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው የጎን መስኮቱ ማዕዘን ነው። የካኖፒ ቅርጽ ያለው ሳጥን በ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይሠራልኝ የሚልም ሰው አለ፤ ላሜራው ብቻውን 70 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከነፍሬሙ ወደ 100 ይደርሳል። ባዶውን።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ጠፍጣፋ የላሜራ ክዳን 1.5 በ1.5 ሜትር ሲሆን፣ በ1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት 26 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ በ1 ሚሊ ሜትር ግን 18 ኪሎ አይሞላም። እኔ 1 ሚሊ ሜትሩን እወስድና ከሥሩ ባለ 25 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ አደርግበታለሁ። አንድ ወጥ አድርጎ ከጋቢናው በኩል በማጠፊያ ቢያያዝ፣ ሲከፈት ወዲያው የፖርቶ መጋላውን አግዳሚ ይመታል፤ ፓነል ካለ ደግሞ ፓነሉን ይመታል። ስለዚህ ክዳኑ በርዝመቱ ለሁለት ይከፈል። ከጋቢናው እስከ ኋላ ስፖንዳ በመካከል አንድ ቱቦላሬ ይዘርጋ፤ ሁለቱ ክዳኖች በዚያ ላይ በማጠፊያ ይያያዙና አንዱ በሾፌሩ በኩል፣ ሌላው በተሳፋሪው በኩል ወደ ላይ ይከፈቱ። እያንዳንዱ ክዳን 75 ሳንቲ ሜትር ወርድ ይኖረዋል። ከካሶኒው ጠርዝ እስከ ፖርቶ መጋላው ድረስ 55 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለ፣ ክዳኑ አግዳሚውን ሳይነካ 45 ዲግሪ ያህል ይከፈታል። ያ እጅና ትከሻ አስገብቶ ኢንቨርተር ለማውጣት በቂ ነው። ትልቅ ዕቃ ከሆነ በኋላ ስፖንዳው በኩል ይወጣል።

የመሃሉ ማጠፊያ ዋናው የውኃ መግቢያ ነው። ስለዚህ የመሃሉ ቱቦላሬ ከጠርዙ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ክዳኖቹ ወደ ውጭ ያዘቅዝቁ፤ ከማጠፊያው ሥር ደግሞ በእጅ የታጠፈ የላሜራ አሸንዳ ከጋቢናው ወደ ኋላ ይሂድ። ውጭኛው ጠርዝ ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ታጥፎ የካሶኒውን ጠርዝ ከውጭ ያልፈው፤ ጎማው ከውስጥ ይቀመጥ። የፖርቶ መጋላው እግር በሚያርፍበት ቦታ ግን ክዳኑ ተቆርጦ ይዞረዋል፤ ሥራው የሚከብደው እዚያ ላይ ነው፤ ቸኩሎ የሚሠራ በያጅ እዚያ ላይ ክፍተት ይተዋል።

የአሉሚኒየም ላሜራ ይሁንልኝ ካሉ ይቀላል፤ ነገር ግን አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ የብሎን ቀዳዳው ሞላላ መሆን አለበት፤ ከብረቱ ጋር በሚነካካበትም ጎማ ይግባበት፤ አለበለዚያ እርጥበት ሲያገኘው አሉሚኒየሙ ይበላል።

አሸዋ ሰፈር ነኝ

ይህ በያጅ ሱቁ የት ነው? ያለውን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የእኔም ሸራ አስጠላኝ። ግን አንድ ነገር ረስታችኋል፤ ክዳኑን ምንም ያህል ብትቆልፉት የኋላ ስፖንዳው እጀታ ቁልፍ ከሌለው ሌባው በዚያ በኩል ይገባል።

በያጅ ከሳቢያን

ትክክል ነው። ክዳኖቹ ሲዘጉ ከውስጥ በኩል የስፖንዳውን የላይኛ ጠርዝ የሚይዝ መንጠቆ ይበየድባቸዋል፤ ያኔ ክዳኑ ሳይከፈት ስፖንዳው አይወርድም። የሐረሩ ወንድማችን ስለ ኬላው እንዳለውም በእያንዳንዱ ጎን አንድ ጓጉንቸር ብቻ ይበቃል። ጓጉንቸሩ በውጭ ተንጠልጥሎ እንዳይቆረጥ በላሜራ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ስለ ሱቁ፣ እዚህ ማስታወቂያ አልሠራም፤ ሳቢያን የመጣ ያገኘኛል።

ፀሐይና ፓምፕ (ድሬዳዋ)

ውሳኔዬን ልግለጽ። በካሶኒው ላይ ብቻ የሚቆም ባለ አራት እግር ፖርቶ መጋላ፣ ጋቢናውን ሳይነካ ወደ ፊት የሚወጣ ክንድ ያለው፣ ከፊቱ የነፋስ መከላከያ ላሜራ፣ ከጎኑ የቧንቧ መያዣ፤ ከሥሩ ደግሞ በሁለት የተከፈለ ነጭ የላሜራ ክዳን አሠራለሁ። በሒሳቤ ሁሉም ተደምሮ ከ75 ኪሎ አይበልጥም። ከስድስት ፓነል በላይ ከሆነ የጭነት መኪና እከራያለሁ፤ ስለዚህ ከላይ የሚጫነው ከ170 ኪሎ እንዳያልፍ ለሠራተኞቼም እነግራለሁ። አሮጌውን ሸራ አልጥለውም፤ ከክዳኑ ሥር ኢንቨርተሮቹ ላይ ጣል አደርገዋለሁ፤ የሚያልፈውን አቧራ ይይዝልኛል።

የቀረኝ ጥያቄ ስለ ዓመታዊ ምርመራ ነው፤ ለቦሎ ስሄድ ይህ ችግር ያመጣብኝ ይሆን?

የከዚራ መካኒክ

የመኪናው አካል ተለውጧል ተብሎ እንዳይያዝብዎ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ንድፉን ይዘው ወደሚመለከተው የትራንስፖርት ቢሮ ሄደው ይጠይቁ፤ በብሎን የተያዘ፣ ሲፈለግ የሚወርድ መሆኑን ያስረዱ። የ6 ሜትር ቧንቧ ሲጭኑ የመኪናው ርዝመት 5.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ ትርፉ ከኋላ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰር፤ የኋላ መብራትና ታርጋም እንዳይሸፈን።

ከተገጠመ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያውን የገጠር መንገድ ሄደው ሲመለሱ ብሎኖቹን በሙሉ እንደገና ያጥብቁ፤ ጎማው ተጨፍልቆ ስለሚቀመጥ ሁሉም ይላላሉ። ፓነል በጫኑበት ማታም መኪናውን ከግድግዳ ፊት አቁመው የፊት መብራቱ የት እንደሚያርፍ ይመልከቱ። ኋላው በጭነት ሲወርድ መብራቱ ወደ ላይ ስለሚነሳ በደንገጎ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፤ የመብራት ማስተካከያ ቁልፍ ያለው ሞዴል ከሆነ ከመሪው አጠገብ ያገኙታል፣ ከሌለው ከፋኖሱ ጀርባ ባለችው ብሎን ዝቅ ያስደርጉት፤ ጭነቱን ሲያወርዱ ወደ ቦታው ይመልሱት።